ዓይን ያየውን ልብ ይመርምር

ሰው በጆሮው የሰማውን ቢጠራጠር አስተዋይ ይባላል፤ በዓይኑ ያየውን ቢጠራጠር ግን እንደ ሞኝ ይቈጠራል። በዳኛ ፊትም «ሰምቻለሁ» የሚል ምስክርና «አይቻለሁ» የሚል ምስክር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ስለዚህ የሕዝብን ልብ ለመማረክ የሚፈልግ ሁሉ ጆሮን ትቶ ወደ ዓይን ቢሄድ የሚያስደንቅ አይደለም።

ወጣቶች ሆይ፤ ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ነገር ነው። ይኸውም በጦርነት ጊዜ የአገር መሪዎች ለካሜራ ብለው ስለሚያዘጋጁት ትርኢትና ያ ትርኢት በሕዝብ አሳብ ላይ ስላለው ኀይል ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ አንድ ፎቶግራፍ በውስጡ ምንም ሐሰት ሳይኖርበት ሊዋሽ ይችላልን? ከዋሸስ በደሉ የማን ነው? የተነሣው ሰው ነውን? ያነሣው ነውን? ወይስ አይቶ ያመነው? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘሁት አይደለም፤ በልቤ ውስጥ ለምን እንደ ተቀመጠ ኋላ እናገራለሁ። የማነሣቸው የውጭ አገር ታሪኮች ዘመናቸው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም የተገለጠው በ1839 ነው። ከዚያ በኋላ 16 ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1855፣ ሮጀር ፌንተን የተባለ እንግሊዛዊ ካሜራውን ጭኖ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ከሩሲያ ጋር ወደሚዋጋበት ወደ ክሪሚያ ሄደ። ከ300 በላይ ፎቶግራፎችም አነሣ። በነዚያ ፎቶግራፎች ውስጥ መኰንኖች በየድንኳናቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ ፈረሶችና መድፎችም በሥርዓት ቆመው ይታያሉ። የሞተ ሰው ግን አንድ እንኳ አይታይም። የዚያን ዘመን ካሜራ የሚንቀሳቀስ ነገር ለማንሣት አይችልም ነበርና ውጊያው አለመታየቱ አያስገርምም፤ ነገር ግን ሬሳ አይንቀሳቀስም። በዚያ ጦርነት ከጥይት ይልቅ በበሽታ ያለቀው ወታደር እጅግ የበዛ ሆኖ ሳለ፣ ፎቶግራፉን በለንደን ከተማ ያየ ሰው ጦርነትን እንደ ሽርሽር ቢያስበው አይፈረድበትም። እንግዲህ ካሜራ ገና በሕፃንነቱ አንድ ነገር ተምሯል፤ እርሱም ሳይዋሹ መደበቅ ነው።

ይህ ነገር እንዲገባን ለሕዝብ የሚቀርቡትን የጦርነት ፎቶግራፎች በሦስት ከፍለን እንመልከት።

የመጀመሪያው በእጅ የተበላሸ ፎቶግራፍ ነው። ቤኒቶ ሙሶሊኒ በመጋቢት ወር 1937 ወደ ሊብያ ሄዶ በትሪፖሊ ከተማ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ጐራዴ ተቀበለ። በፈረስ ላይ ተቀምጦ ሰይፉን ወደ ሰማይ አንሥቶ የሚያሳየው ፎቶግራፍም በሰፊው ታወቀ። በእውነተኛው ፎቶግራፍ ላይ ግን የፈረሱን ልጓም የያዘ አንድ ባልደራስ ከፊት ቆሟል። ጌታው ፈረሱን ብቻውን የገዛ ጀግና መስሎ እንዲታይ ባልደራሱ ተፍቆ ጠፋ። ይህ ሰው ራሱን የእስላሞች ጠባቂ አድርጎ ያሳየው፣ ሹማምንቱ በአዲስ አበባ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ሳይለዩ ከጨፈጨፉ አንድ ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሐሰት ከባድ ቢሆንም ለመፍረድ አያስቸግርም። የተፋቀው ሰው አንድ ቀን ይገኛል፤ የፋቀውም ያፍራል።

ሁለተኛው እጅግ የረቀቀ ነው። በፎቶግራፉ ውስጥ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ የሆነው ግን ለፎቶግራፉ ተብሎ ነው። ግንቦት 1 ቀን 2003 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ የአውሮፕላን አብራሪ ልብስ ለብሰው፣ በጦር አውሮፕላን ተሳፍረው፣ «አብርሃም ሊንከን» በተባለው የጦር መርከብ ላይ አረፉ። መርከቡ አሥር ወር ያህል በባሕር ላይ ቆይቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ከካሊፎርንያ ጠረፍ የራቀው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በሄሊኮፕተር ለመሄድ ይቻል ነበር፤ በሄሊኮፕተር የሚወርድ ሰው ግን የጦር ጀግና አይመስልም። ከበስተኋላቸውም «ተልእኮው ተፈጽሟል» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ልብ በሉ። አውሮፕላኑ እውነተኛ ነው፤ መርከበኞቹም እውነተኞች ናቸው፤ ደስታቸውም የልባቸው ነው። ፕሬዚዳንቱ በንግግራቸው ዋናው ውጊያ አበቃ አሉ እንጂ በኢራቅ የሚቀር ከባድ ሥራ እንዳለም ሳይናገሩ አላለፉም። ቃሉ ጥንቃቄ ነበረው፤ ጨርቁ ግን ጥንቃቄ አልነበረውም፤ ሰውም የያዘው ጨርቁን ነው። እስከዚያ ቀን በኢራቅ የሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች 140 ያህል ነበሩ። ጦሩ በ2011 ጠቅልሎ እስኪወጣ ድረስ ቍጥሩ ከ4,400 በላይ ሆነ፤ ከኢራቅ ሕዝብ ያለቀውም ከመቶ ሺሕ በላይ ነው። ፕሬዚዳንቱም በሥልጣናቸው መጨረሻ ላይ ያ ጨርቅ ስሕተት እንደ ነበረ ራሳቸው አመኑ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ደስታን እንዲይዝ የተሰጠው ወረቀት፣ ኋላ የጌታው ማፈሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ሦስተኛው መሪው በእውነት በአደጋው ውስጥ ቆሞ የተነሣው ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም ተመታ። በዚያ ጦርነት ከተነሡት ፎቶግራፎች አንዱ ንጉሠ ነገሥቱ እግራቸውን ባልፈነዳ ቦምብ ላይ አሳርፈው ያሳያል። ይህም ለካሜራ የተደረገ ነው፤ ሰው ቦምብ የሚረግጠው መንገድ ጠፍቶት አይደለምና። ነገር ግን ቦምቡ ከሰማይ የወረደባቸው እውነተኛ ቦምብ ነው፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ በማይጨው ጦር ሜዳ ራሳቸው ተሰልፈዋል። እንዲሁም በየካቲት ወር 2022 የሩሲያ ጦር ወደ ኪየቭ ሲገሠግሥ የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ ሸሽተዋል የሚል ወሬ ተነዛ። እርሳቸውም ከባልንጀሮቻቸው ጋር በከተማው መንገድ ላይ ቆመው፣ በእጅ ስልክ ተቀርጸው፣ ሁላችንም እዚህ ነን ብለው ታዩ። ይህም ትርኢት ነው፤ ነገር ግን በትርኢቱና በሥራው መካከል ልዩነት የለም።

በአንጻሩ ያው የኢጣልያ መንግሥት «ሉቼ» በተባለው ድርጅቱ አማካይነት ለምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት ልዩ የፎቶግራፍና የፊልም ክፍል አቋቁሞ ነበር። መንገድ ሲሠራ፣ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ሕዝብ በደስታ ሲቀበል ለሮማ ሕዝብ ያሳይ ነበር። በአባቶቻችን ላይ የዘነበው የመርዝ ጋዝ ግን በዚያ ውስጥ አልታየም። የኢጣልያ መንግሥት በጋዙ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ልጓም ያዡ በመፋቅ ጠፋ፤ ጋዙ ግን ካሜራው ፊቱን ስላዞረበት ብቻ ጠፋ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ዘመን መቆየቱን አስተውሉ።

አሁን የራሴን ልናገር። በወጣትነቴ ፎቶግራፍ እያነሣሁ እተዳደር ነበር። አገራችን በጦርነት ላይ ሳለች አንድ ባለሥልጣን በአንድ ሆስፒታል ቁስለኞችን ሲጐበኙ እንዳነሣ ታዘዝሁ። ከመድረሳቸው በፊት አንሶላው ተለወጠ፤ ብርቱካንም በየአልጋው አጠገብ ተቀመጠ። በመስኮቱ በኩል የተኛው ልጅ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስለኝም። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቈርጧል፤ ፊቱ ግን ያማረ ነበርና ባለሥልጣኑ በርሱ አጠገብ እንዲቆሙ መረጥሁ። ከዚያም ማንም ሳያዝዘኝ ብርድ ልብሱን ስቤ እግሩ የነበረበትን ስፍራ ሸፈንሁት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ብርድ ልብሱን የሳቡት ለኔ ብርድ ነው ወይስ ለካሜራው?» አለኝ።

እኔም «ይልቅስ ፈገግ በል፤ እናትህ ታይሃለች» አልሁት። ፈገግ አለ። ፎቶግራፉም አማረ፤ ታትሞም በየግድግዳው ተለጠፈ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጎረቤታችን የአንዲት ባልቴት ልጅ ለመዝመት መመዝገቡን ሰማሁ። መንገድ ላይ አግኝቼ ብጠይቀው «ጋሼ፣ እርስዎ ያነሡትን አየሁት። ቁስለኛው እንኳ እንደዚያ ከሣቀ እኔን ምን ያስፈራኛል?» አለኝ። በዚያን ጊዜ ስለ እግሩ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርሁትም። እግዜር ይከተልህ ብዬ መረቅሁት። ልጁ አልተመለሰም።

መዝመቱን አልነቅፍም። ለአገር መዝመት የከበረ ነገር ነው፤ ምናልባትም እውነቱን ቢያውቅ ያው ይዘምት ነበር። ነገር ግን የሚሄድበትን አውቆ መሄድ የርሱ መብት ነበር፤ ያንን መብቱን እኔ በአንድ ብርድ ልብስ ሸፈንሁበት። በፎቶግራፌ ውስጥ አንድ ሐሰት አልነበረም። ሆስፒታሉ እውነት፣ ልጁ እውነት፣ ፈገግታውም እውነት ነው። ቢሆንም ዋሸ። ለመጀመሪያው ጥያቄዬ መልሱን ያገኘሁት ከዚህ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚዋሸው የሌለውን ሲያሳይ ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹ ሊከፍል የተጠራበትን ዋጋ ሲሸፍንበትም ነው።

«በጦርነት ጊዜ የሕዝብ ልብ እንዳይወድቅ ማበርታት አይገባምን?» የሚለኝ ይኖራል። ይገባል። ከጦር ሰፈር ምስጢር ሁሉ በአደባባይ ይሰጣ የሚል አሳብ የለኝም። ነገር ግን ምስጢርን ከጠላት መሰወር አንድ ነገር ነው፤ ዋጋን ከከፋዩ መሰወር ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጥበብ ነው፤ ሁለተኛው ስርቆት ነው። ደግሞም በተሸፈነ ዋጋ የተገዛ ብርታት ሽፋኑ ሲገለጥ ይወድቃል። ዋጋውን አውቆ የተነሣ ሕዝብ ግን መከራ ሲመጣ አይደነግጥም፤ አስቀድሞ ተነግሮታልና።

በደሉ የማን ነው ላልሁትም መልሱ የሦስቱም ነው፤ ድርሻቸው ግን እኩል አይደለም። ትርኢቱን ያዘዘው ከሁሉ ይበልጣል። ቀጥሎ ያነሣው ነው፤ «ታዝዤ ነው» ማለት ብርድ ልብሱን እጄ መሳቡን አያስቀርልኝም። ተመልካቹም ፈጽሞ ንጹሕ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የምንታለለው ልንታለል ስለምንወድ ነው። ድል እንዲነገረን እንፈልጋለን፤ የተቈረጠውን እግር የሚያሳየንን ደግሞ «ሟርተኛ» ብለን እናባርራለን።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች ምን ታደርጉ? ፎቶግራፍ ስታዩ ጥቂት ጥያቄ ጠይቁ። ፎቶግራፍ አንሺውን የጠራው ማን ነው? ካሜራው ባይኖር ይህ ሰው በዚህ ስፍራ ይገኝ ነበርን? ከጠርዙ ውጭ ምን ቀረ? ከሥሩ የተጻፈውስ ማን የጻፈው ነው? ይህ የመጨረሻው ቀላል አይምሰላችሁ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል በሐምሌ ወር 1940 የጠረፍ ምሽግ ሲጐበኙ መትረየስ ይዘው፣ ሲጋራቸውን በአፋቸው እንደ ያዙ ተነሥተው ነበር። ለእንግሊዝ ሕዝብ ይህ ያለመበገር ምልክት ሆነ። ጀርመኖች ግን ያንኑ ፎቶግራፍ በወረቀት አትመው፣ ይህ ወንበዴ ነው ብለው በተኑት። አንዱ መልክ ለሁለት ጌታ አደረ፤ የለየው ከሥሩ ያለው ቃል ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥታችሁ ምንም አናምንም እንዳትሉ። ሁሉን የሚያምንና ሁሉን የሚክድ ሁለቱም ከመመርመር ድካም ያመለጡ ሰነፎች ናቸው። ሐሰተኛ የሚፈልገው የግድ እንድታምኑት አይደለም፤ እውነቱንም አብራችሁ ብትክዱለት ይበቃዋል። በደሴ የወደቀው ቦምብ እውነት ነበር።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በጦርነት ጊዜ ሳይነጋ የሚሞት ብዙ ነው። ስለዚህ ያወቀ ሰው እስኪነጋ አይጠብቅ። እኔ ለዚያ ልጅ በመንገድ ላይ ልነግረው ሲገባኝ ያልነገርሁትን፣ ዘግይቼም ቢሆን ለእናንተ ነገርሁ። ያንን ብርድ ልብስ ዛሬ መግለጤ ነው።