ሠላሳ ዘጠኙን ማን ቆጠረ?

ሰው ስለ ወደደው ነገር ይጠየቃልን? ወይስ መውደድ ብቻውን ከጥያቄ ነጻ ያወጣል? እንዲህ ተብሎ ሲቀርብ የቡና ላይ ወግ ይመስላል። እኛን ግን ጥያቄው ያገኘን ቡና ላይ አይደለም፤ ቴአትር ቤት ውስጥ፣ በጨለማ ተቀምጠን፣ አፋችንን ከፍተን ስንቆጥር ነው የያዘን። እንዴት እንደያዘን እንናገርና ፍርዱን ለአንባቢ እንተው።

ነገሩ ከአንድ ሸክላ ይጀምራል። ከመካከላችን የአንዱ አጎት አሜሪካ እንደገቡ ከገዟቸው ዕቃዎች አንዱ ቡናማ ሽፋን ያለው፣ ሁለት ሸክላ በአንድ ላይ የያዘ፣ «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር» የተባለው የሮክ ኦፔራ ነበር። ኋላ «እኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብለው ከነማጫወቻው ለኛ ሰጡን። አራት ሆነን በምንኖርበት ጠባብ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ለፈተና ያጠናነው፣ ሽንኩርት የከተፍነው፣ ተኮራርፈን የታረቅነው በዚያ ሸክላ ነው። መርፌው የት ቦታ እንደሚንጣጣ ሳይቀር በቃላችን ይዘነዋል። ይሁዳ የት ላይ እንደሚጮህ፣ ጊታሩ የት ላይ እንደሚገባ ጠይቁን፤ የምንወድቀው በሌላ ትምህርት ነው።

ይህ ሥራ ከብዙዎቹ የሙዚቃ ድራማዎች የሚለየው በአወላለዱ ነው። መድረክ ላይ ከቀረበ በኋላ በሸክላ የተቀዳ አይደለም፤ የተገላቢጦሽ ነው። ዜማውን የደረሰው አንድሩ ሎይድ ዌበርና ግጥሙን የጻፈው ቲም ራይስ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ እንግሊዛውያን ነበሩ። የክርስቶስን የመጨረሻ ሰባት ቀን በሮክ ሙዚቃ መድረክ ላይ አወጣለሁ የሚል ባለ ገንዘብ ስላጡ በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሸክላ አወጡት። የዲፕ ፐርፕሉ ኢያን ጊላን ኢየሱስን፣ መሬይ ሄድ ይሁዳን፣ ኢቮን ኤሊማን መግደላዊት ማርያምን ሆነው ዘፈኑ። ሸክላው አሜሪካን ካጥለቀለቀ በኋላ ነው በኦክቶበር 1971 ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው። ለንደን ላይ ከ1972 እስከ 1980 ስምንት ዓመት ሳይወርድ ታየ። ስለዚህ እንደኛ ያለው ሸክላ አፍቃሪ «ዋናው እኔ ዘንድ ነው ያለው፤ መድረኩ ቅጂ ነው» ቢል ጨርሶ ተሳስቷል አይባልም። እኛም እንደዚያ ነበር የምንለው።

በ2022 ታዲያ ቅጂው ወደምንማርበት ከተማ መጣ። በ2016 ለንደን ውስጥ በሪጀንትስ ፓርክ የአየር ላይ ቴአትር የተዘጋጀው፣ በኋላም አሜሪካን የዞረው ነው። የአንድ ወር የሻይ ገንዘባችንን አዋጥተን ከጣራው ሥር ያለውን ርካሽ ወንበር ገዛን። እውነቱን ለመናገር የሄድነው እንደ ተመልካች አይደለም፤ እንደ ፈታኝ ነው። ይሁዳ አፉን ሲከፍት ድምፁ የመሬይ ሄድ አልሆነም፤ እርስ በርስ ተያየን። ኢየሱስ ያንን ረጅም ጩኸት ከጊላን ትንሽ አሳጠረው፤ አንዳችን ምላሱን ጠጥ አደረገ። ለመሆኑ ማን ፈታኝ አደረገን? በቃል መያዛችን ነዋ!

ቀስ በቀስ ግን ፈተናው ወደኛ ዞረ። ይሁዳ ብሩን ሊቀበል እጁን ሳጥን ውስጥ ከትቶ ሲያወጣው እጁ የብር ቀለም ተነክሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቀለሙ አልለቀቀውም፤ ሲዘፍንም፣ ሲጸጸትም እጁ ብር እንደሆነ ነው። ሸክላችን ይህን አሳይቶን አያውቅም። ከዚያ ደግሞ ሕዝቡን አየነው። ሆሳዕና ያለው ሕዝብ ስቀለው አለ እየተባለ ከልጅነታችን ጀምሮ ተሰብኮልናል። ስብከት ሲሆን ሕዝቡ ፊት የለውም። እዚህ ግን ዝማሬውን የዘመሩትም ስቀለው ብለው የጮኹትም እነዚያው ተዋንያን ናቸው። አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ በመጀመሪያው ክፍል እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ስትስቅ ዓይናችን አርፎባት ነበር፤ ኋላ ያንኑ እጅ ጨብጣ ስትጮህ አየናት። ልብስ እንኳን አልለወጠችም።

ከዚያ ግርፋቱ መጣ። ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ እናስረዳ። በዚህ ኦፔራ ጲላጦስ ኢየሱስን ሠላሳ ዘጠኝ ጅራፍ ያስገርፋል፤ እያንዳንዱን ጅራፍ በሙዚቃው ምት ላይ ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። ወንጌል ገረፉት ይላል እንጂ ቁጥር አይሰጥም። ሠላሳ ዘጠኝ የመጣው ከኦሪት ነው፦ ከአርባ በላይ እንዳይገረፍ ተብሏልና፣ ጳውሎስም አርባ ሲጎድል አንድ ተገረፍኩ ሲል ጽፏልና። ሸክላው ላይ ይህ ክፍል የኛ ጨዋታ ነበር። ሳህን የሚያጥበው በማንኪያ፣ የሚያጠናው በእርሳስ ጠረጴዛ እየመታ ከጲላጦስ ጋር አብሮ ይቆጥራል፤ ቁጥር የሳተ ሻይ ያፈላል።

ቴአትር ቤቱ ውስጥ ሙዚቃው ሲጀምር እንግዲህ አፋችን የለመደውን አደረገ። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ አሥርን ካለፍን በኋላ በድምፅ ቆጠርን። ከኋላችን ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎችም ከኛ ጋር ገቡ። መድረኩ ላይ በያንዳንዱ ቁጥር የሚያብለጨልጭ ብናኝ እየተወረወረ ልጁ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ መብራት ሲያርፍበት ደም ነው ወይስ ጌጥ ነው ያሰኛል። ሃያ አንድ ወይም ሃያ ሁለት ላይ ከአራታችን አንዱ ዝም አለ። እኛ ሦስታችን ሠላሳ ዘጠኝ አልን። ስንጨርስ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የፈተና መልስ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎን ነበር! ዞር ስንል ጓደኛችን መድረኩን ሳይሆን እኛን ያያል።

አውቶቡስ እስኪመጣ ክርክሩ ተነሣ። አንደኛው፣ ሕግ ተማሪ ነው፣ «ቴአትር ነው እኮ! ማን ተጎዳ? ልጁ መጨረሻ ላይ ፀጉሩ ውስጥ ብናኙ እንዳለ እየሳቀ እጅ ሲነሣ አላያችሁም?» አለ። ሁለተኛው ጥፋቱን ደራሲዎቹ ላይ ጣለ፦ «ምቱ ነው ያስቆጠረን። እንደዚያ ያለ ምት ተሠርቶልህ አለመቁጠር አይቻልም።» ዝም ያለውን «አንተስ ለምን አቆምክ?» ስንለው የሰጠን መልስ አጭር ነው፦ «ሸክላው ላይ ጀርባ የለም። እዚህ ጀርባ አየሁ።»

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሦስቱን መልሶች ስናገላብጥ ከርመናል።

የሕግ ተማሪው አባባል እውነትነት አለው፤ የተጎዳ ሰው የለም። ዳሩ ግን ነገር ሁሉ በጉዳት ይለካልን? አንድ ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስድብ ቢለማመድ ማንም አልተሰደበም፤ ስድቡ ግን አፉ ላይ ተሰናድቶ ይቀመጣል። እኛ ሦስት ዓመት የተለማመድነው ምንድን ነው? የግርፋት ቁጥር መጨረሻውን መናፈቅ። ቁጥር ሲጀመር ይጨረስ ዘንድ ያጓጓል፤ ጥሩ ዜማ ሲታከልበት ደግሞ የባሰ ነው። ሠላሳ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ እውነቱን እንናገር፣ ቅር ይለን ነበር። የተገረፈው ሰው እፎይ ባለ፣ እኛ ባዘንን!

የሁለተኛው መልስ በአንድ ማስረጃ ይወድቃል። አራተኛው ጓደኛችን ያንኑ ምት ሰምቷል፤ እንደኛው ሦስት ዓመት በማንኪያ ሲመታ ኖሯል፤ ግን አቆመ። ምት ይጎትታል እንጂ አያስርም ማለት ነው። ደግሞስ ደራሲዎቹን ከመክሰሳችን በፊት ቁጥሩን በማን አፍ እንዳስቀመጡት ልብ ብለን እናውቃለን? በጅራፍ ያዡ አፍ አይደለም፤ በሕዝቡም አፍ አይደለም። ያስቀመጡት እጁን በሚታጠበው በጲላጦስ አፍ ነው። ጲላጦስ አልገረፈም፤ ቆጠረ እንጂ። ቆጣሪ መሆን ማለት «እኔ በነገሩ ውስጥ የለሁበትም፤ ቁጥሩን ብቻ ነው የያዝኩት» ማለት ነው። እኛም አልገረፍንም። ዛሬ የሰው መከራ በየስልካችን በቁጥር ይደርሰናል፦ እዚህ ቦታ ይህን ያህል ሞተ፣ እዚያ ቦታ ይህን ያህል ተፈናቀለ። ቁጥሩን አንብበን፣ ለጎረቤት ነግረን፣ ወደ ምሳችን እንመለሳለን። ይህ ልማድ ከማንኪያው ጨዋታችን በምን ይለያል? መልሱን አናውቀው እንደሆን እንጂ ጥያቄው የተገባ ይመስለናል።

እዚህ ላይ ያገራችን ነገር ትዝ አለን። ከመካከላችን ሦስታችን ያደግነው የሕማማትን ሳምንት ቤተ ክርስቲያን እየዋልን ነው። እዚያም ግርፋቱ ይቆጠራል፤ እንዲያውም የኛዎቹ አባቶች የሚነግሩን ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ነው። ነገር ግን እዚያ የሚቆጥረው ወገብ ነው። «ኪርያላይሶን» እየተባለ አርባ አንድ ጊዜ ስትሰግድ ቁጥሩ ጉልበትህ ላይ ያርፋል። የስቅለት ዕለት ማታም ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባህን መታ መታ አድርገው «ይህን ያህል ስገድ» ይሉሃል። ወንበር የለም፤ ከጣራ ሥር የሚሸጥ ርካሽ ቦታ የለም፤ ጀርባ የሌለው ሰው የለም። ይህን የምንለው ቤተ ክርስቲያንን ከቴአትር ጋር ለማወዳደር አይደለም፤ ሥራቸው የተለያየ ነው። አንድ ነገር ግን ተምረንበታል፦ መቁጠር በሁለት ወገን ይቻላል። ከሚመታው ጋር ሆነህ፣ ወይም ከሚመታው በታች ሆነህ። ሸክላው ሁለቱን አይለይልህም።

«እንግዲያው ባትሄዱ ይሻላችሁ ነበር» የሚለን አይጠፋም። ይህን ሥራ ገና ብሮድዌይ ሲከፈት በር ላይ ቆመው የተቃወሙት ብዙ ናቸው። ክርስቲያኖቹ ትንሣኤ የለበትም ብለው አዘኑ፤ እውነትም ኦፔራው መቃብሩ ላይ ነው የሚያበቃው። አይሁዶቹ ደግሞ ያ የጥንቱ ክስ፣ ሕዝቡን በሙሉ ገዳይ የሚያደርገው ክስ፣ በአዲስ ዜማ እንዳይነሣ ሰጉ። ይህ ስጋት ቀላል አይደለም፤ በዚያ ክስ የተነሣ በየዘመናቱ ብዙ ደም ፈስሷል። እኛም ብንመረምር ሦስት ዓመት ሙሉ «ሕዝቡ» ስንል የሆኑ ሌሎች ሰዎች ማለታችን ነበር፤ ከሸክላው ውስጥ የሚጮኹ «እነሱ»። ከጣራው ሥር ተቀምጠን ሠላሳ ዘጠኝ ስንል ነው «እነሱ» ማን እንደሆኑ ያወቅነው። የሌላ ነገድ ሰዎች አልነበሩም። አራት የኢትዮጵያ ልጆች ነን፤ ከአራታችን ሦስቱ።

ስለዚህ መልሳችን፦ መሄዳችን ደግ ነበር። ሸክላውን ብቻ እንዳቀፍን ብንቀር ንጹሐን እንደመሰልን እንኖር ነበር። ሸክላ ከወዳጁ ምንም አይጠይቅም፤ ቢደክምህ ታቆመዋለህ፣ ቢያምርህ ትመልሰዋለህ። ሕያው ሰው ግን ፊትህ ቆሞ ላብ ያልበዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያኔ ያ የኢየሱስ ጩኸት ያጠረው ለምን እንደሆነ ይገባሃል፤ የሰው ሳንባ ነዋ! ቤታችን ውስጥ እንደ ጉድለት የቆጠርነው ነገር ሰውነቱ ነበር። የቆሎ ተማሪ ዜማን ከብራና ብቻ አይማርም፤ የመምህሩ አፍ ሥር ተቀምጦ ነው፤ የኔታም ሲስት ያርሙታል። እኛ ያለ የኔታ በቃላችን ይዘን ነበርና ስንስት የሚያርመን አልነበረም። በዚያች ምሽት አንድ ጓደኛ ዝም በማለቱ አረመን።

ሰው ስለ ወደደው ነገር ይጠየቃል እንላለን። የሚጠየቀው መውደዱን አይደለም፤ ሲወድ በማን ድምፅ እንደሚዘፍን ነው።

ሸክላውን አልጣልነውም፤ ዛሬም እንሰማዋለን። ግርፋቱ ሲደርስ ማንም አይቆጥርም። ሆኖም አንባቢ ቅዱሳን አድርጎ እንዳይገምተን አንድ ነገር እንጨምር፦ ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ስንከትፍ ያ ክፍል መጣ፤ አፋችን ዝም ብሎ ሳለ ቢላዋው በምቱ ላይ ሲወርድ ሰማነው። ማን እንደያዘው አንናገርም። ይህን የሚቃወም ወይም የተሻለ የሚል ጓደኛ ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍልን፤ እናነባለን።