ለሁለት ደቂቃ ሥራ ስንት ይከፈላል?

እንበል ባጃጅህ ቆመ። ቁልፉን ስታዞር «ጭክ» ይላል እንጂ አይነሳም። መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱ ይጮኻል። ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው፣ የሞተው ሞተሪኖው ነው ብለህ ፈረድክ። ዓለም ባንክ ውስጥ (ስሙ ባንክ ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚቆጠረው በየቀኑ ነው) ባጃጅ ግማሽ ቀን ሲቆም ለባለቤቱ የሚገባው ገቢም፣ የሾፌሩ ምሳም አብሮ ይቆማል። ገፍተህ መንገድ ዳር ካለው መካኒክ ታደርሰዋለህ።

መካኒኩ ጎንበስ ይልና ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሻንሲው የምትሄደውን ሽቦ፣ «ማሳ» የሚሏትን፣ ይነካካል። ቡሎኗን ይፈታል፣ ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ መልሶ ያጠብቃል። «ሞክረው እስኪ።» ተነሳ! ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

«ስንት ነው?»

«አምስት መቶ።»

«ለዚች? ኧረ ወንድሜ፣ ምን ሠራህና?»

እውነት ግን፣ ምን ሠራ?

ለመመለስ ሞተሪኖ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። መኪና በእጅ እየተሽከረከረ በሚነሳበት ዘመን ማኑዌላው ተመልሶ የስንቱን ክንድ ሰብሯል። አሜሪካዊው ቻርለስ ኬተሪንግ ቀደም ሲል የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ ማሽንን በኤሌክትሪክ ያሠራ ሰው ነበር። ያ ማሽን ያስተማረው አንድ ነገር አለ፦ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከሆነ ትንሽ ሞተርም ከአቅሙ በላይ መሥራት ይችላል። በዚህ ሐሳብ የሠራው ማስነሻ በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ ተገጠመ። የባጃጁም ሞተሪኖ የዚያ ዘር ነው፤ የሚሠራው ለአፍታ ነው፣ በዚያች አፍታ ግን ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞተሪኖው 50 አምፔር ይስባል እንበል። ዝገቷ የፈጠረችው መሰናክል 0.1 ኦም ብቻ ይሁን፣ ማለትም ተራ ቴስተር በወጉ የማይለየው ነገር። ሃምሳን በ0.1 አባዛው፤ 5 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። ከ12ቱ ለሞተሪኖው የደረሰው 7 ነው። መብራቱ ግን 3 አምፔር ያህል ብቻ ስለሚበቃው በዚያችው ዝገት አልፎ የሚያጣው 0.3 ቮልት ነው፣ ስለዚህ ምንም እንዳልተፈጠረ ይበራል። በዓይንህ ያየኸው ማስረጃ ራሱ አሳሳተህ ማለት ነው። መካኒኩ ይህን ሒሳብ በቁጥር ላይሠራው ይችላል፤ የ«ጭክ»ዋን ድምፅ ሰምቶ፣ ሽቦዋ መሞቋን በጣቱ ነክቶ ያውቀዋል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሪኖው ገላ ላይ አድርጎ ቁልፉ ሲዞር ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ደግሞ ጥርጣሬው ያበቃል። የሸጠልህ ይህንን ማወቁን ነው።

አሁን ሌላ መካኒክ አስብ። እሱም ችግሩ ማሳዋ እንደሆነች ገብቶታል። ግን ሞተሪኖውን ያወርዳል፣ ሁለት ሰዓት ይለፋል፣ እስከ ክርኑ ግራሶ ይለቀለቃል፣ አዲስ ሞተሪኖ ይገጥማል፣ በዚያው ማሳዋን አጽድቶ ያስራል። ሺዎች ትከፍለዋለህ። «ተባረክ» ብለህ የሻይ ትጨምርለታለህ። የመጀመሪያውን «ሌባ» ብለኸው ነበር።

ካንት በ1785 (በፈረንጆቹ) ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ውስጥ አንድ ባለሱቅ አለ። ዋጋ ለማያውቅ ሕፃንም ቢሆን ለሌላው በሚሸጥበት ዋጋ ይሸጣል። ካንት የሚጠይቀው ይህን የሚያደርገው ታማኝነት ግዴታው ስለሆነ ነው ወይስ ደንበኛ እንዳይሸሽበት ብሎ የሚለውን ነው። ባለሱቁ ዕድለኛ ነው ባይ ነኝ። ለእሱ እውነትና ትርፍ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። የእኛ መካኒክ እውነቱን ሲናገር ደንበኛ ያጣል፣ ሲዋሽ ይመረቃል። የመጀመሪያው ታማኝ ሆኖ ከቀጠለ የካንትን ፈተና አልፏል፤ ግን በየቀኑ ያንን ፈተና የምንፈትነው እኛ ነን። የሁለተኛው ውሸት የራሱ ነው፣ አላስተባብልለትም። ገበያውን የከፈትንለት ግን እኛ ነን።

ይህ ነገር ሥር አለው። በእጁ የሚሠራን ሰው «ቀጥቃጭ» ብሎ መስደብ እንዲቀር አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። ዛሬ እጁን አንሰድብም፤ እንዲያውም የምንከፍለው ለእጁ ብቻ ነው። ላቡን ካላየን፣ ዕቃ በካርቶን ካልመጣ፣ ሥራ አይመስለንም። «ሙያ በልብ ነው» እንላለን፣ በልብ ላለው ሙያ ግን ሒሳብ አንይዝለትም። (ላፕቶፕ አስተካክል የተባለ የአይቲ ልጅ ይህን ሲያነብ ይስቃል መሰለኝ።)

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። የሾፌሩ ኪስ ውስጥ ያለው የዛሬ ገቢ ነው፤ አምስት መቶ ለእሱ ቀልድ አይደለም፣ ሲከራከርም አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። ልክ ነው። ዋጋው ራሱ ይብዛ ይነስ መነጋገር ይቻላል። ግን ያው ሾፌር ለአዲሱ ሞተሪኖ ተበድሮ ይከፍላል። ስለዚህ የሚጎዳው ድህነቱ ብቻ ሳይሆን ማመን የሚችለው ነገር ማነሱም ነው፦ ዕቃ ይታያል፣ ምርመራ አይታይም። ምርመራን እንዲታይ ማድረግ ደግሞ ይቻላል። ቴስተሩን «ና እይ» ብሎ የሚያሳይ መካኒክ አለ። «ቼክ ማድረጊያ ይህን ያህል፣ ዕቃ ከተቀየረ ለብቻው» ብሎ ከመፍታቱ በፊት የሚነጋገርም አለ።

ሞተሪኖው በእውነት የታመመበት ጊዜም አለ፤ ካርቦኑ ያልቃል፣ ካርቦኑ የሚያርፍበት መዳብ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ይወርዳል። ከወረደ በኋላ አጥብቀህ ይዘኸው ከደህና ባትሪ በወፍራም ሽቦ ቢገናኝና ፈጥኖ ቢሽከረከር ግን ቢያንስ መጠርጠር አለብህ። እንዲህ የወረደው አሮጌ ሞተሪኖ ብዙ ጊዜ መካኒኩ ጋ ይቀራል፤ ማንም «የት አለ?» አይለውም። ደህና ከነበረ ተጠርጎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሌላ «ጭክ» የሚል ባጃጅ ተገፍቶ እስኪመጣ መደርደሪያ ላይ ይጠብቃል።