ተሸናፊ ይከፍላል

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ሐሙሲት በስሟ ቀን ሰው ሞልቶባታል። ሩዙን በአህያ ጭኖ የመጣው፣ ጓያውን በጣሳ የሚሰፍረው፣ ወደ ወረታ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እጁን ዘርግቶ የሚያስቆመው፣ ያው የገበያ ቀን ግርግር ነው። እኅቴን ልጠይቅ ብቅ ብዬ ነበር። እሷ ግን ቡናው እንኳን ሳይቆላ ልጇን ትከስልኝ ጀመር።

«እስቲ ወንድም ጋሼ፣ ምከርልኝ! በሒሳብ ከሃምሳ አሥራ ዘጠኝ አመጣ። መቼ ይማርና! ጆተኒ ቤት ነው ውሎው።»

ላመጣው ሄድኩ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ጆተኒው ይንቋቋል። ሕጉ በየከተማው አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ በነፃ ይቀጥላል። የእኔ ጉድ ግን አይጫወትም። ባለቤቱ ገበያ ወጥቶ ኖሮ ሒሳብ ያዥ አድርጎታል። አንዱ ጨዋታ አምስት ብር ነው።

«አንተ ሦስት ተሸንፈህ አሥር ሰጥተኸኛል፤ አምስት ይቀርብሃል። አንተ ደግሞ ሃምሳ ሰጠኸኝ፤ ያንተ አራት፣ የእሱን ሁለት ችለሃል፤ እንካ ሃያ መልስህን።»

እስክሪብቶ የለ፣ ወረቀት የለ። ቆሜ ሰማሁት።

ቤት ስንመለስ የፈተና ወረቀቱን አየሁ። አንዱ ጥያቄ ከአሥር ላይ አሥራ አምስት ሲቀነስ ስንት እንደሚሆን ይጠይቃል። ልጁ «5» ብሎ ጽፏል፤ የመቀነስ ምልክቷ የለችም። በቀይ ተሰርዞበታል።

«አሁን እዚያ ያ ልጅ አምስት ብር ዕዳ እንዳለበት በምን አወቅህ?» አልኩት።

«እዚያማ ሰው አለዋ!» አለኝ።

ይህን ነገር እኔ ብቻ አላየሁትም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሦስት ተመራማሪዎች በብራዚል በሬሲፌ ከተማ ጎዳና ላይ ስለሚሸጡ አምስት ሕፃናት ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ሕፃናቱ ገበያቸው ላይ ሆነው ለቀረበላቸው ሒሳብ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ያንኑ ዓይነት ስሌት ታሪክ ሰጥተው ሲጠይቋቸው 74፣ ቁጥሩን ብቻውን ሲሰጧቸው ደግሞ 37 ሆነ። የተለወጠው ጥያቄው የቀረበበት መንገድ ነው እንጂ የልጆቹ ጭንቅላት አይደለም። እኛ ግን ሠላሳ ሰባቷን ይዘን «ይኸ ልጅ ሒሳብ አይገባውም» እንላለን።

ጨዋታና ሒሳብ መቼ ተጣልተው ያውቃሉ? አባቶቻችን ገበጣ ሲጫወቱ ጠጠሯን ከማንሳታቸው በፊት የት እንደምታርፍ ቆጥረው ይጨርሱ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። ወደ ውጭም ብንሄድ፣ በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ፈረንሳውያን በመካከል የተቋረጠ የቁማር ጨዋታ ገንዘብ እንዴት ይከፈል ብለው ደብዳቤ ተጻጻፉ። ዛሬ የመድን ድርጅቶች የሚሠሩበት የዕድል ስሌት ከዚያ ደብዳቤ የጀመረ ነው ማለት ይቻላል።

«ታዲያ መምህሩ ጆተኒ ቤት ገብቶ ያስተምር ነው የምትለው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። ጠረጴዛው እዚያው ይቆይ፤ ጥያቄው ግን ክፍል ይግባ። ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ከዚህ የበለጠ ተንኮል ነበረኝ። ልጁን በራሱ ሒሳብ አስልቼ ከጆተኒ ላስጥለው አሰብኩ።

«እሺ፣» አልኩት፣ «ከጓደኛህ ጋር አሥር ጨዋታ ብትጫወትና ሰባቱን ብታሸንፍ ስንት ትከፍላለህ?»

«አሥራ አምስት። እሱ ሠላሳ አምስት።»

«እኩል ብትወጡስ?»

«ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት።»

«ባለ ጠረጴዛውስ?»

ትንሽ አሰበ። «ሃምሳ። በሁለቱም።»

«አየህ! ማንም ቢያሸንፍ ገንዘቡ የእሱ ነው።» ደስ አለኝ። ያጠመድኩት ወጥመድ የያዘልኝ መስሎኝ ነበር።

ልጁ ግን ፊቱ በራ። «እንግዲያው ጋሼ፣ ጠረጴዛ መግዛት ነዋ! አሮጌው አሥር ሺህ ቢገኝ ሁለት ሺህ ጨዋታ ነው። በቀን አርባ ቢጫወቱ በሃምሳ ቀን ይመልሳል!»

እኅቴ በሳቅ ፈነዳች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሒሳብ እንዴት እንደሚቆጠር ያስተምራል፤ ለምን እንደሚቆጠር ግን አይነግርም። ያው ስሌት አንዱን ከጨዋታ ያወጣዋል፣ ሌላውን ባለ ጠረጴዛ ያደርገዋል። ልጁ አልተሳሳተም፤ ስሌቱ ልክ ነው። ንግድም ነውር አይደለም። ታዲያ ምን ልበለው? «ተው» ብለው፣ ለምን ለሚለኝ መልስ ያስፈልገኛል።

«ሁለት ሺውን ጨዋታ ማን ይጫወተዋል?» አልኩት በመጨረሻ።

«ልጆቹ ናቸዋ።»

«የትኞቹ?»

የጓደኞቹን ስም መጥራት ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ለደብተር የተሰጠውን ብር ተሸንፎ ቤቱ የተቆጣው ልጅ መሆኑን በኋላ ከእናቱ ሰማሁ።

ያን ዕለት ከዚያ በላይ አልመከርኩትም። ጠረጴዛ መግዛቱን ይተወው አይተወው አላውቅም። ፈተና አርሞ በቀይ የሚሰርዝ መምህርም፣ ልጁን የሚከስ ወላጅም፣ እንደ እኔ ያለ መካሪም ያቺን የልጁን ቃል ቢያስታውሳት ግን አይከፋም። እዚያማ ሰው አለ። ቁጥሩ የገባውም፣ ያሳፈረውም፣ በዚያው ሰው ምክንያት ነው። ሰውን ከሒሳቡ አውጥተን የምናስተምር ከሆነ፣ ልጆቻችን ፈተናውን ቢያልፉስ ምን ተማሩ እንላለን?