የማን ኃጢአት?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ ቀድሞ የመጣላቸው ጥያቄ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ የሚል ነበር። ክርስቶስ ሁለቱንም ከበደሉ ነጻ አደረጋቸው። ጥያቄው ግን ዛሬም በየሆስፒታሉ ይነሣል። ለእርግዝና ክትትል የሄደች ሴት፣ ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀ ሰው፣ ደም ሊለግስ የመጣ ወጣት ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ እንዳለባቸው ሳያስቡት ይነገራቸዋል፤ ዘመድ ጎረቤቱም ወዲያው «ከየት አመጣው?» ይላል። ይህ ጥያቄ በእምነትም በሕክምናም ሚዛን ቀሎ ይገኛል።

የኢትዮጵያን ጥናቶች አጠቃሎ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ትንታኔ ቫይረሱ ከ100 ሰው በ7ቱ ገደማ እንደሚገኝ አሳይቷል። ጥናቱ የሚደረገው በሆስፒታል፣ ሆስፒታል የሚሄደውም በሽተኛ ስለሆነ ቁጥሩ ይጋነናል የሚል አይጠፋም። ስለ ጉበት ሕሙማን ከሆነ እውነት አለው፤ ነፍሰ ጡር ግን ታማ አይደለም የምትመጣው፤ በእርሷም ዘንድ ቫይረሱ ይገኛል። ከባዱ ተቃውሞ «ራሱን ቢጠብቅ ኖሮ» የሚለው ነው፤ በሽታው በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይተላለፋልና። ይሁን እንጂ በአዋቂነታቸው ከሚያዙ ጤነኞች አብዛኞቹ ቫይረሱን ከሰውነታቸው ያስወግዱታል፤ በጨቅላነታቸው ከሚያዙት ግን 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ዕድሜ ልክ ይሸከሙታል። ስለዚህ ቫይረሱን ተሸክሞ የሚኖር ጎልማሳ ሲወለድ ወይም በሕፃንነቱ የተያዘ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ጣት ወደ እናቱ ቢቀሰር፣ እርሷም ከእናቷ ወስዳው ይሆናል፤ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር የሚገኘው ሌላ ሕፃን እንጂ በደለኛ አይደለም።

ተወቃሽ ከሌለ ኃላፊነትም ይጠፋል የሚሉ አሉ። ወቀሳ ያለፈውን ይቆፍራል፤ ኃላፊነት ግን ነገ የሚወለደውን ይጠብቃል። ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ለሕፃናት ከ6ኛ ሳምንታቸው ጀምሮ መስጠት የጀመረችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ ይህ ጋሻ አልነበረውም። በወሊድ ጊዜ የሚተላለፈውን ለመከላከል ደግሞ የመጀመሪያው ክትባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። የሚያስፈራ ፍርድ ሰውን ከምርመራ ያሸሻል፤ ያልተመረመረች እናት ደግሞ ልጇን የምታድንበት ዕድል ያመልጣታል። እንግዲህ ካህኑም፣ ሼኩም፣ ሐኪሙም፣ ዘመዱም «ከየት አመጣኸው?» ማለቱን ትተው «ልጆችህ ተከትበዋል?» ብለው ይጠይቁ።