«ፕሮግራሙ አይቀበልም»

ጨዋታው የተጀመረው መብራት በጠፋበት ማታ ነው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስድስት ሰው፣ አንድ ሻማ፣ ባትሪው ሊያልቅ የደረሰ ስፒከር። ስፒከሩ ሲሞት አንዷ «በቃ ራሳችን እንዝፈን» አለች። ሕጉ ቀላል ነበር። አንዱ ሁለት ሦስት ስንኝ ይዘፍንና ያቆማል፤ ያቆመበት የመጨረሻ ፊደል ለቀጣዩ ሰው የዘፈን መጀመሪያ ይሆናል። እኔ «ታ» ላይ ካቆምኩ አንተ በ«ታ» የሚጀምር ታመጣለህ። ካላመጣህ ወጣህ።

ጨዋታው የኛ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ሕንዶች አንታክሻሪ ይሉታል፤ በረጅም የባቡርና የአውቶቡስ ጉዞ ላይ ሲዘፍኑት ይውላሉ። ጃፓኖች ደግሞ በቃላት የሚጫወቱት ሺሪቶሪ የሚባል አላቸው፤ የመጨረሻውን ፊደል ይዘህ አዲስ ቃል ትጀምራለህ። ካራኦኬም የመጣው ከነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮቤ ከተማ ውስጥ ዳይሱኬ ኢኖዌ የተባለ ሙዚቀኛ የካራኦኬ ማሽን ሠራ፤ የፈጠራ መብቱን ግን አላስመዘገበም። ቃሉ ራሱ «ባዶ ኦርኬስትራ» ማለት ነው። ሙዚቃው አለ፣ ዘፋኙ የለም፣ ቦታው ላንተ ተትቷል።

አማርኛና ጃፓንኛ ለዚህ ጨዋታ በጣም ይመቻሉ። ሁለቱም ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ይጽፋሉ። አማርኛ ላይ «መ» አንድ በር አይደለም፤ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም፣ ሞ፣ ሰባት በር ነው። በሺሪቶሪ ደግሞ «ን» በሚለው ድምፅ የሚያልቅ ቃል የጠራ ይሸነፋል፤ በጃፓንኛ በዚያ ፊደል የሚጀምር ቃል ስለሌለ። የኛም እንዲህ ያለ ገደል አለው፦ «ኝ»። አስቡት፣ የፍቅር ዘፈን ሁሉ የሚለምነው ለ«እኔ» ነው። ንገሪኝ፣ ጠብቂኝ፣ አትርሺኝ። ግማሹ ስንኝ «ኝ» ላይ ይወድቃል። በ«ኝ» የሚጀምር ዘፈን ግን እስካሁን አንድም ሰው አላመጣልንም።

በሦስተኛው ሳምንት ጨዋታው ጦርነት ሆነ። ሁሉም «ኝ» ላይ እያቆመ ቀጣዩን መግደል ጀመረ። ስለዚህ ተሰብስበን ሕጉን አሻሻልን፤ «ኝ» የደረሰው ሰው በ«ን» ቤተሰብ መጀመር ይችላል። ማንም አልተቃወመም። «ኧ» ግን እንዳለ ቀረ፤ ምክንያቱም የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» አለና። ከዚያ ወዲህ «ኧ» ሲወጣ ክፍሉ በሙሉ ያንኑ ዘፈን ይዘፍናል።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ሰው ሲጫወት አይቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ዳኛ የሚሆን ፕሮግራም ጻፍኩ። ለዚህ ፊደላችን ምቹ ነው። የዓለም ኮምፒውተሮች በሚጋሩት በዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። «ሀ» 4608 ነው፣ «ሁ» 4609፣ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ቦታ ስለተሰጠው ቁጥሩን ለስምንት አካፍለህ ቀሪውን ብታይ ፊደሉ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ወይም ሳድስ ታውቃለህ። ሁለቱን «ሀ» እና «ሐ»፣ ሁለቱን «ሰ» እና «ሠ» አንድ አደረግኳቸው። የዘፈን ርዕሶችንም ሰብስቤ አስገባሁ። ዘፈን ሲጠራ እኔ እጽፋለሁ፣ ስክሪኑ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይሆናል። በቃ፣ ክርክር ቀረ።

ቀረ ብዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ካራኦኬ ቤት ገባን። ላፕቶፑም አብሮን። ጨዋታው ሞቀ። አንዱ «አ» ደርሶት የዊትኒ ሂውስተንን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» አነሳ። ሁላችንም አብረን ጮህን። እኔም ርዕሱን በግዕዝ ፊደል ጻፍኩለት፤ አረንጓዴ። ትንሽ ቆይቶ «ማ» ወጣ፤ ተራው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነበር። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። ብዙም አላሰበ፤ የሃጫሉ ሁንዴሳን «ማላን ጅራ» ጀመረ። ከጥግ አንድ ሰው «በአማርኛ ብለን አይደል እንዴ?» አለ። ክፍሉ ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እኔም «ፕሮግራሙ አይቀበልም» አልኩ።

ውሸት ነበር። ርዕሱ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፣ ልክ ነው። የዊትኒም አልነበረም። ኦሮምኛ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ፕሮግራሜ በ4608 እና በ4991 መካከል የሌለ ቁጥር ሲያይ ይጥላል፣ እሱም ልክ ነው። እንግሊዝኛም የሚጻፈው በዚያው ላቲን ነው። ከአሥር ደቂቃ በፊት በገዛ ጣቴ በግዕዝ ጽፌ አሳልፌዋለሁ። «ማ» 4635 ነው። አምስት ፊደል መጻፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጓደኛዬ ሳቅ አለና «ወጣሁ በቃ» ብሎ ተቀመጠ። ጨዋታው ቀጠለ። እሱ በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ለራሴ ብዙ ተከራከርኩ። ጨዋታ ገደብ ከሌለው ጨዋታ አይሆንም። ሁሉም ቋንቋ ከተፈቀደ አንዱ ተነስቶ ያልነበረ ዘፈን ፈጥሮ ቢዘፍን ማን ያውቅበታል? ይሄ ክርክር ባዶ አይደለም። አብሮ የሚጫወት ሰው መተማመኛ ያስፈልገዋል። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ «ማላን ጅራ»ን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በየሰርጉ ጨፍረንበታል። የሚጠራጠር ሰው አልነበረም፤ የሚከላከል ሰው ነው ያልነበረው።

ደግሞም ሕጉን ለ«ኝ» አጥፈነው ነበር። ለምን? ምክንያቱም «ኝ» ሁላችንንም ይገድል ነበር። ችግሩ የሁላችን ሲሆን «ሕጉ ስህተት አለበት» አልን። ችግሩ የአንድ ሰው ሲሆን «ሕግ ሕግ ነው» አልን። ቆይቼ ሳስበው የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ማንም በክፋት አልተነሳም። ሕጉ ሲጻፍ በአእምሯችን የነበረው ተጫዋች እኛን ይመስል ነበር፣ በቃ።

አርስቶትል ስለ ፍትሕ ሲጽፍ የሌዝቦስ ግንበኞችን ያነሳል። የሚለኩበት ማስመሪያ ከእርሳስ የተሠራ ስለነበር በድንጋዩ ቅርፅ ልክ ይታጠፍላቸዋል። ሕግ በጠቅላላው ስለሚናገር የማያየው ጉዳይ ይኖራል፤ ያኔ የሚያርመው ሰው ያስፈልጋል ይላል። ፕሮግራም የእርሳስ ማስመሪያ አይደለም፤ አይታጠፍም። ለዚህ ነው አጠገቡ የሚታጠፍ ሰው መቀመጥ ያለበት። እዚያ ማታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩን አይቼ፣ ማስመሪያው ብረት ነው ብዬ ዋሸሁ።

ሥራ ላይም እንደዚሁ ነው። «ሲስተሙ አይፈቅድም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየመስኮቱ ሰምታችሁታል። ስማችሁ በሁለት «ሀ» ስለሚጻፍ፣ የአያት ስም የሚል ሳጥን ባዶ ስለሆነ። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ሲስተሙን የጻፈ ሰው አለ፣ ከፊቱ የተቀመጠ ሰውም አለ። ሁለቱም ወደ ማሽኑ ሲጠቁሙ ጥያቄው ባለቤት ያጣል። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይባላል። ዳኛው ስክሪን ከሆነ ለማን ይነገራል?

ከሁለት ወር በኋላ ደወልኩለት። ገርጂ አንድ ቡና ቤት ተገናኘን። ፕሮግራሙ ላይ ቁቤን እንዴት እንደማስገባ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ረድፍ፣ ቁጥር፣ ቅየራ። አቋረጠኝ።

«ስማ፣ እኔ በጨዋታ ወጣሁ ብዬ አልተከፋሁም። አንተ ዘፈኑን ታውቀዋለህ። ዶርም ውስጥ አብረን ነው የሰማነው። ‹አላውቀውም› ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።»

ምን እላለሁ? ኮዱን ላሳየው የከፈትኩትን ላፕቶፕ ዘጋሁት። «ፕሮግራሙ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ቡናውን ጨረሰ፤ ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለም፣ አላደረግኩም አላለም። ስንወጣ «ቅዳሜ የት ናችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አሁን ያለ ፕሮግራም ነው የምንጫወተው። ክርክሩ ተመልሷል፤ አንዳንዴ አንድ ዘፈን ላይ ሃያ ደቂቃ እንጨቃጨቃለን። የማናውቀው ዘፈን ሲመጣ ያመጣው ሰው ለሁላችን አንድ ስንኝ ያስተምራል፣ ከዚያ ያልፋል። ጨዋታው ቀርፋፋ ሆኗል። ባለፈው ቅዳሜ «ማ» ሲወጣ ማንም ሳይጠራው አምስታችንም ወደ እሱ ዞርን። እሱ ግን ሌላ ዘፈን አነሳ፤ በአማርኛ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።