ከትምህርቱ ከመቅረታችሁ በፊት ለመምህሩ ንገሩ

ክራር መማር የጀመረ ሰው ሲያቆም ብዙውን ጊዜ አይሰናበትም። አንድ ሳምንት “ሥራ በዛብኝ” ይላል፣ በሚቀጥለው ስልክ አያነሳም፣ ክራሩም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። መምህሩ ተማሪያቸውን ምን እንደከበደው ሳያውቁ ሌላ ተማሪ ይቀበላሉ። ይህ ከልብ ያሳዝነኛል፤ አብዛኛው እንቅፋት ተቀምጦ በመነጋገር የሚፈታ ነበርና።

አፋችንን የሚይዘን ይሉኝታ ነው። “አልገባኝም” ማለት መምህሩን መውቀስ፣ “ለውጥ አላየሁም” ማለት ደግሞ የከፈልነውን ገንዘብ ማስላት ይመስለናል። ስለዚህ “ገባህ?” ስንባል አንገታችንን እንነቀንቃለን። በሽታውን የማይናገር መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

የክራርን ነገር ልብ በሉ። አምስት ወይም ስድስት አውታሮች ናቸው ያሉት፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ሁሉም ከእነዚሁ ይወጣሉ። ቅኝቱን የሚለውጠው የአውታሮቹ መጥበቅና መላላት ነው። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሻገር እንኳ ሁለት ድምፆች በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት አለባቸው። ጆሮው ገና ያልሰላ ተማሪ ቤቱ ሲደርስ አንዱ አውታር ላልቶ ይጠብቀዋል። ጣቱ ትክክለኛውን አውታር እየነካ የሚሰማው ሌላ ዜማ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው ይለማመድና “ተሰጥኦ የለኝም” ብሎ ይደመድማል። ትምህርት ቤት ሲመጣ ደግሞ ገና ከመግባቱ መምህሩ ክራሩን ተቀብለው በቅጽበት ይቃኙለታል። ችግሩ በእጃቸው ጠፋ ማለት ነው! እሳቸው በየሳምንቱ የሚሰሙት የተቃኘ ክራር ነው፤ ተማሪው ቤት ውስጥ የሚታገለውን ከየት ያውቁታል?

ስትናገሩ ነገሩን ለይታችሁ ንገሩ። “አልቻልኩም” ብትሏቸው “አይዞህ፣ በርታ” ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። “በግርፍ ስመታ የማልፈልገው አውታር አብሮ ይጮህብኛል” ብትሉ ግን ዓይናቸው ወዲያው ወደ ግራ እጃችሁ ይሄዳል፤ አውታሮቹ በአንድነት በሚመቱበት በግርፍ አጨዋወት የማይፈለጉትን አውታሮች ዝም የሚያሰኙት የግራ እጅ ጣቶች ናቸውና። ይህን በር ላይ ቆማችሁ፣ ቀጣዩ ተማሪ እየጠበቀ አታንሱት። ትምህርቱ ሲጀመር አንሱት። ያልተለማመዳችሁበትን ሳምንትም አትደብቁ፤ መምህሩ ባልሠራችሁት ሥራ ላይ ተመሥርተው ትምህርቱን ቢያቀሉ ወይም ቢያከብዱ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ወላጆች፣ “ይኸው ስንት ጊዜው፣ አንድ ዘፈን እንኳ አልቻለም” የሚለውን ንግግር ልጁ እየሰማ አትናገሩ። ይልቅ “ቤት ውስጥ ሲለማመድ ምኑን ላዳምጥለት?” ብላችሁ መምህሩን ጠይቁ።

ከውጭ አገር ሆናችሁ በቪዲዮ ጥሪ ለምትማሩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከመምህሩ ጋር እኩል መጫወት አይቻልም፤ ጥሪው ጫጫታ ለመቀነስ ሲል የክራሩንም ድምፅ የሚቆራርጥበት ጊዜ አለ። መምህሩ በደንብ እየሰሙን ነው ብላችሁ አትገምቱ። በስልካችሁ ቅዱና ከትምህርቱ አስቀድማችሁ ላኩላቸው።

በአክብሮት የቀረበ ጥያቄ የሚያስቆጣቸው መምህር ካጋጠሟችሁ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ነውር የለውም። እኔ ግን አብዛኞቹ መምህራን ይህን ጥያቄ እየጠበቁ ነው እላለሁ። እናም በሚቀጥለው ቀጠሮ ክራራችሁን ቤት ውስጥ እንደነበረ ይዛችሁ ሂዱ። መምህሩ ሊቃኙላችሁ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ “ዛሬ እኔ ልቃኘውና እርስዎ ይስሙኝ” በሏቸው።