ትንበያና ውጥን፦ ሰው ስለ ነገ ምን ሊናገር ይችላል?

«ነገ ዝናብ ይጥላል» እና «ነገ የታመመ ጎረቤቴን እጠይቃለሁ» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች ሁለቱም ስለ ነገ ይናገራሉ፤ የግሣቸውም ጊዜ አንድ ነው። ይሁንና የመጀመሪያው ትንበያ፣ ሁለተኛው ውጥን ነው። ነገን የማያውቀው ሰው ነገ ስለሚያደርገው ነገር አፉን ሞልቶ የሚናገረው በምን መሠረት ላይ ቆሞ ነው? ጥያቄው የፍልስፍናም የሃይማኖትም ነው።

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ጥያቄው ጎልቶ ይታያል። እንግሊዝኛ ለወደፊት ጊዜ የተለየ የግሥ እርባታ ስለሌለው ሌሎች ግሦችን በረዳትነት ይጠቀማል። «ዊል» በጥንት ጊዜ መፈለግን፣ «ሻል» ደግሞ ዕዳን ወይም ግዴታን ይገልጹ ነበር። ዛሬ «ዊል» ለትንበያም፣ በንግግር መካከል ለሚወሰን ውሳኔም፣ ለተስፋ ቃልም ያገለግላል። «ጎዪንግ ቱ» አስቀድሞ የታሰበን ነገር ይገልጻል፤ ሰማዩ ሲጠቁር «ሊዘንብ ነው» ለማለትም ይውላል። የሒሳብ ሊቁ ጆን ዋሊስ በ1653 እ.ኤ.አ. በላቲን ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ በአንደኛ መደብ «ሻል» ለትንበያ፣ «ዊል» ለተስፋ ቃል ወይም ለዛቻ እንደሚሆን፣ በሌሎቹ መደቦች ግን ነገሩ እንደሚገለበጥ ጻፈ። ደንቡ ለረጅም ዘመን ቢሰበክም በሕዝቡ አነጋገር ሥር አልሰደደም። ትንበያንና ውጥንን የሚለየውን ነገር ከግሡ ቅርጽ ባሻገር መፈለግ ያስፈልጋል።

ፍለጋውን በዘመናዊው ፍልስፍና ያጠናከረችው የፈላስፋው የሉድቪግ ቪትገንሽታይን ተማሪ የነበረችው ኤልሳቤት አንስኮም ናት። በ1957 እ.ኤ.አ. «ኢንቴንሽን» በሚል ርእስ ባወጣችው መጽሐፍ፣ ሊያስመልሰው የተቃረበ ሰውና ለመንሸራሸር የተነሣ ሰው በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት አባባል እንደሚጠቀሙ አስተዋለች። ልዩነታቸው የሚገለጠው «ለምን?» ተብለው ሲጠየቁ ነው። የፊተኛው የሚያቀርበው ማስረጃ ነው፤ የሚሰማውን ምልክት ይናገራል። የኋለኛው ግን ድርጊቱን ተገቢ የሚያደርገውን ምክንያት ይሰጣል፤ ንጹሕ አየር ፈልጎ ወይም ሐሳቡን ሊሰበስብ እንደሆነ ያስረዳል። ውጥን ያለው ሰው የሚያደርገውን የሚያውቀው ራሱን እንደ ታዛቢ ተመልክቶ አይደለም።

አንስኮም ይህን በገበያ ምሳሌ አብራርታዋለች። አንድ ሰው የሚገዛቸው ዕቃዎች የተጻፉበትን ወረቀት ይዞ ይገበያል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ከኋላው እየተከተለ የገዛውን ሁሉ ይመዘግባል። በመዝገቡና በተገዛው ዕቃ መካከል ልዩነት ከተገኘ ስሕተቱ የመዝገቡ ነው፤ መታረም ያለበትም እሱ ነው። የገዢው ወረቀት ከተገዛው ጋር ካልተስማማ ግን ስሕተቱ የግዢው ነው፤ ወረቀቱን በመፋቅ አይስተካከልም። ትንበያ እንደ መዝገቡ ከሚሆነው ነገር ጋር ሊስማማ ይገባዋል፤ ውጥን ሲነገር ግን ከቃሉ ጋር መስማማት ያለበት የተናጋሪው ሥራ ነው።

ታዲያ ሰው እንደሚሳካለት እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር ሊወጥን ይችላል? ፈላስፋው ፖል ግራይስ በ1971 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ፣ አደርገዋለሁ ብሎ ያላመነ ሰው ወጥኗል ሊባል አይችልም ሲል ተከራከረ። ሌላው ፈላስፋ ዶናልድ ዴቪድሰን በ1978 እ.ኤ.አ. የተለየ አቋም ያዘ፤ በካርቦን ወረቀት 10 ቅጂ ለማውጣት እስክሪብቶውን አጥብቆ የሚጫን ሰው የመጨረሻው ቅጂ መነበቡን ሊጠራጠር ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉንም ለማውጣት ወጥኗል። ፈላስፋው ማይክል ብራትማን ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውጥንን ከዕቅድ ጋር አያይዞ ተመለከተው። የወጠነ ሰው ጉዳዩን በየሰዓቱ እንደ አዲስ አያመዛዝንም፤ የቀረውን ሥራውን በዚያ ላይ ይገነባል፤ ሌሎችም የየራሳቸውን ዕቅድ ከእሱ ጋር ያቀናጃሉ። ውሱን ዕውቀትና ውሱን ጊዜ ላለው ፍጡር ውጥን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ውጥን ከተስፋ ቃልም ይለያል። ያሰበውን የተናገረ ሰው በቂ ምክንያት ሲያገኝ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ቃል የገባ ግን ለሌላው የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ብቻውን ተነሥቶ ሊያፈርሰው አይገባም።

የሃይማኖት መጻሕፍት በዚሁ ጉዳይ ላይ ድንበር ያበጃሉ። የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 4 ወደ አንዲት ከተማ ሄደው ዓመት ሊነግዱና ሊያተርፉ ያቀዱ ሰዎችን ይገሥጻል፤ ዕቅዳቸው በጌታ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑን እንዲናገሩም ያዛል። ነቀፋው ትምክሕትን እንጂ ማቀድን አይመለከትም። ቁርኣንም በአል ከህፍ ምዕራፍ፣ ነገ ይህን አደርጋለሁ የሚል ሰው የአላህን ፈቃድ ሳይጠቅስ እንዳይናገር ያስተምራል። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ»፣ ሙስሊሙ «ኢንሻአላህ» የሚለው ከዚህ ትምህርት የተነሣ ነው።

እነዚህን ሐረጎች ከኃላፊነት ማምለጫ የሚያደርግ ሰው ትምህርቱን ያዛባል። በእያንዳንዱ ውጥን ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ተናጋሪው ለማድረግ መቁረጡ፣ ሌላው ነገሩ እንደታሰበው ይፈጸማል የሚለው ግምት ነው። ፈጣሪን መጥራት የሚገድበው ግምቱን ነው፤ ቁርጥ ሐሳቡን አያላላም። የነገሩ ፍጻሜ በሰው እጅ አይደለም፤ ለመፈጸም መትጋት ግን የተናጋሪው ድርሻ ነው። ትሕትናና ጽናት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሳይጣሉ አብረው የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።